ዝናብ ሲዘንብ የተጣደ ድስት

በልግ አብቃይ በሆነው የወሎ ደጋ፣ ሰው በከንቱ ሲደክም ባዩ ቁጥር ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። በሠርግ ትነሳለች፣ በገበያ ትነሳለች፣ ሴቶችም ወፍጮ ላይ ተቀምጠው ይወራወሩባታል። የሚስቅባት ብዙ ነው። ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን አይስቅም። መጀመሪያ የተነገረችው በአንዲት ሴት ፊት ነበር፤ ያቺ ሴትም የዚያን ዕለት አልሳቀችም።

ሴትዮዋ ትርንጎ ትባላለች። ባሏ ወንድይፍራው ነው፤ ወለላ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። እርሻቸው ዳገት ላይ የተንጠለጠለ ድንጋያም መሬት ስለሆነ ገብሱ የሚያፈራው ሰማይ ሲታረቃቸው ብቻ ነው። ቤቱን የሚያኖረው ጓሮው ነበር። ጓሮው ደግሞ የትርንጎ ነው። አጥሩን ያጠረችው እሷ፣ ድንጋዩን የለቀመችው እሷ፣ ከበረት ፍግ እየዛቀች አፈሩን ያጠቆረችው እሷ ናት። ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ታበቅልበታለች፣ ዳር ዳሩን ዱባ ትተክልበታለች፤ መሐሉ ግን የድንች ነው። ድንች ከገብስ ቀድሞ ይደርሳልና፣ ክረምቱ ሆድ ሲያስጨንቅ የሚደርስላቸው እሱ ነበር።

በዚያ ዓመት ድንቹ ከምንጊዜውም ይልቅ ይጠበቅ ነበር። ያለፈውን ገብስ ሊታጨድ ሲል በረዶ ወርዶበት ከመሬት ጋር አጣብቆት ነበር። በጋውን በሽምብራ ቆሎና ጥሬ፣ ከወንድሟ ቤት በመጣች አንዲት ቁና ገብስ፣ አንዳንዴም በባዶ አንጀት ነው የገፉት። ትርንጎ ግን ከቆጡ ላይ፣ በጭድ መሐል፣ የዘር ድንቿን አስቀምጣ ነበር። ካለፈው ምርት እንቁላል እንቁላል የሚያህሉትን ቀያዮቹን እየመረጠች፣ የተወጋውንና የቆሰለውን እያወጣች፣ ብርሃን እንዳያገኘው ሸፍና ያኖረችው ነው። ማንም አይነካውም። እሷም ወደ ቆጡ የምትወጣው የበሰበሰ ካለ ለማውጣት ብቻ ነው።

ጥምቀት እንዳለፈ መቆፈር ጀመረች። ደረቁን አፈር እየገለበጠች ጓሉን ታደቃለች፤ ሥር ያለው አረም እንዳያገረሽ እየለቀመች በፀሐይ ታደርቀዋለች። የምድጃዋን አመድ ሳይቀር አጠራቅማ በተነችበት። ጃርት የቀደደውን አጥር በእሾህ ደፈነች። ከቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ንፋስ በማይመታበት ጥግ፣ ለጎመን ችግኝ የምትሆን ትንሽ መደብ አበጀች፤ ዘሩን ዘርታ ሳር አለበሰችው፤ ከምንጭ በቀዳችው ውሃም ጠዋት ጠዋት ታርከፈክፍበት ነበር። ለድንቹ መደቦቹን አውጥታ፣ ቦዩን ስባ ጨረሰች። ከዚያ በኋላ የቀረው የሰማይ ሥራ ነበር።

ጎረቤታቸው አያ ይማም በአጥሩ ላይ ብቅ እያሉ ያዩዋት ነበር። ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጆቻቸው ወደ ቆላ የወረዱባቸው፣ ነገር የማያበዙ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ትርንጎ ትዕግሥቷ አልቆ፣

«አያ ይማም፣ ቀብሬው ዝናቡን እዚያው ቢጠብቅስ?» ብትላቸው፣

«ተይ ልጄ» አሏት። «የጠማው መሬት ዘር ይበላል፤ የጠጣ መሬት ነው የሚያበቅል። ሲመጣ እኔም መቆፈሪያዬን ይዤ እመጣለሁ።»

ወንድይፍራው ክፉ ሰው አልነበረም። ሰነፍም አይባልም። ነገር ግን ከጓሮው ይልቅ ስሙን የሚኮተኩት ሰው ነበር። ለቅሶ ላይ መጀመሪያ ደራሽ፣ ሸንጎ ላይ መጀመሪያ ተናጋሪ መሆን ይወዳል። በዚያን ጊዜ የአገሩ ጭቃ ሹም ሞቶ ቦታው ባዶ ስለነበር፣ ወንድይፍራውን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነገር ነበር። ሹመቱን የሚሰጡት ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት ባላምባራስ ሽፈራው ናቸው። ወንድይፍራው ባላምባራስ ያሉበት ለቅሶ አያመልጠውም፤ እሳቸው ሲናገሩ ራሱን ይነቀንቃል፤ እሳቸው ሲስቁ ቀድሞ ይስቃል። ቤቱ ገብቶም፣

«ዛሬ በዓይናቸው ጠቀሱኝ» ይላል።

«ጭስ ገብቷቸው ይሆናል» ትለዋለች ትርንጎ።

ሁዳዴ ጾም እኩሌታው ላይ ሲደርስ፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ጠቆረ። ደመናው ንፋስ የሚበትነው ዓይነት አልነበረም፤ ወፍራምና ዝቅ ያለ ነው። ትርንጎ ወደ ቆጡ ወጥታ ጭዱን ስትገልጥ ድንቾቹ ሁሉ አጎንቁለው፣ አጫጭር ሐምራዊ ዓይን አውጥተው ጠበቋት። እንዳይሰበር በሁለት እጇ እያነሳች በእንቅብ ሞላችው። ከቆጡ ስትወርድ እንደ አራስ ልጅ አቅፋው ነበር። አያ ይማምም እንዳሉት መቆፈሪያቸውን በትከሻቸው ይዘው መጡ፤ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ዝናቡ ወረደ።

ዝናብ ነው እንጂ ጠብታ አልነበረም። ከጣራው ላይ እየተንፏፏ ደጁን አጨቀየው። ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ እጇን ወደ ውጭ ዘረጋች፤ መዳፏ ሲሞላ ፊቷን ታጠበችበት።

«ይህ የድንች ዝናብ ነው» አሉ አያ ይማም እየሳቁ። «አንድ ጊዜ እንዲህ ከጣለ መሬቷን ያጠግባታል። ሲያባራ ወዲያው እንተክላለን።»

ወለላ ከእናቷ ሥር ሆና፣ «መቼ ነው የምንበላው?» አለች።

«ክረምት ሲገባ፣ ትልልቁን ላንቺ ነው የምቆፍረው» አለቻት እናቷ።

ይህንን ገና ተናግራ ሳትጨርስ፣ ከላይ ከመንገዱ በኩል የኮቴ ድምፅ ተሰማ። በርኖሳቸውን እስከ ግንባራቸው የተከናነቡ ሰው በበቅሎ፣ ከኋላቸውም ጠመንጃ ያነገተ አሽከርና ጥቂት ተከታዮች በሩጫ እየመጡ ነው። በመንገዱ አጠገብ ያለው ቤት የነወንድይፍራው ብቻ ነበር።

«ቤቶች!» አለ አሽከሩ። «ዝናቡ እስኪያባራ አስጠልሉን!»

ወንድይፍራው ከጓዳ ሲወጣ ፊቱ ተለዋወጠ። በበቅሎዋ ላይ ያሉት ባላምባራስ ሽፈራው ነበሩ። ጭቃውን በባዶ እግሩ እየረገጠ ሮጦ፣ ልጓሙን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ተቀበላቸው።

«ጌታዬ! ይህንን ያደረገልኝ አምላክ ይመስገን! ግቡ፣ ግቡ፣ ቤታችሁ ነው!»

ባላምባራስ ገቡ። ወንድይፍራው የጠፍር አልጋውን በእጁ እየጠራረገ፣ አጎዛውን ገልብጦ እያነጠፈ፣

«ይቀመጡ እንጂ ጌታዬ!» ቢላቸው፣

«ግድ የለም፤ ቆሜ ይሻለኛል» አሉና በሩ አጠገብ፣ ሰማዩ በሚታይበት በኩል ቆሙ። ከአልጋው በላይ ጣራው ያፈስ ነበር፤ ውሃው አጎዛው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ተመልክተው ወዲያው ዓይናቸውን አነሱ። በቅሎዋ ከነኮርቻዋ ከጣራው ጥግ ሥር ቆማለች።

ወንድይፍራው ወደ ጓዳ ገባ። ትርንጎ እንቅቧን እንደያዘች ቆማ ነበር።

«ምን አለ?» አላት በሹክሹክታ።

«ምን ምን አለ?»

«የሚበላ ነዋ! ሹመቱ በእግሩ መጥቶ ደጄ ላይ ቆሟል፣ አንቺ ምን ምን አለ ትይኛለሽ?»

«ያለውን ታውቀዋለህ። ለማታ የያዝኩት እፍኝ ሽምብራ አለ፤ እሱን ልቁላላቸው።»

«ሽምብራ ቆሎ! ለባላምባራስ!» ዓይኑ እንቅቡ ላይ ወደቀ። «ይሄስ?»

ትርንጎ እንቅቡን ወደ ደረቷ ሳበችው። «ይሄ ዘር ነው።»

«ድንች ነው።»

«ዘር ነው ወንድይፍራው! ወለላ በትኩሳት ተይዛ ‹እማዬ፣ አንዲት ጥበሽ ስጪኝ› ስትለኝ፣ ጀርባዬን ሰጥቻት ያለቀስኩበት ዘር ነው። ለልጄ የነሳሁትን ለማን ልሰጥ ነው?»

ይህንን ሲሰማ ዓይኑን ሰበረ። ትርንጎም የተወ መስሏት ነበር። ከደጅ በኩል ግን ባላምባራስ በአንድ ነገር ሲስቁ ተሰማ፤ ያ ሳቅ እንደገና ልቡን ወሰደው።

«ስሚኝ» አላት። «ጭቃ ሹም ከሆንኩ ዘር የሚያመጣልሽ ሰው በዚህ በር ይሰለፋል። የምትተክዪበት መሬት እስኪያጥርሽ ነው። ዛሬ ቤቴ ጾም ከፈቱ፣ የቤቴን ማዕድ ከቀመሱ፣ በምን አፋቸው ለሌላ ይሰጡታል?»

«እነሱን ዝናብ ነው ያስገባቸው፤ አንተን ብለው አልመጡም። ኮርቻውን እንኳ አላወረዱም እኮ!»

ወንድይፍራው ፊቱን ወደ እንግዶቹ መልሶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሁሉም እንዲሰማው፣

«ትርንጎ! ጌቶች ጾም ውለው መንገድ ላይ ናቸው፤ ቶሎ በይ እንጂ! ያ ቀይ ድንች ይሠራ!» አለ።

ነገሩ በዚህ አለቀ። ከዚያ ወዲያ እንቢ ማለት ባሏን በሹም ፊት ማዋረድ ነው፤ ቤቷን ‹እንግዳ የሚባረርበት› ማሰኘት ነው። ትርንጎ በጓዳው መጋረጃ ቀዳዳ አያ ይማምን ተመለከተቻቸው። እሳቸውም ሰምተው ነበር።

«ወንድይፍራው» አሉት ቀስ ብለው፣ «ዝናቡ ቶሎ የሚያባራ ነው። እንግዶቹም የቸኮሉ ይመስለኛል።»

«አንቱ ደግሞ! ያስቸኮላቸው ረሃብ ነው!» አለና እሳቱን ሊያራግብ ተጎነበሰ።

ትርንጎ ተቀመጠችና ቢላዋ አነሳች። የመጀመሪያዎቹን ድንቾች ስትልጥ ልጣጩን አወፈረችው፤ ዓይን ያለበትን በኩል ከነሥጋው እየቆረጠች ወደ ሰፌዱ ትጥል ነበር። ወንድይፍራው አየባት።

«ግማሹን ከልጣጩ ጋር ልትጥይው ነው? አምጪ!» ቢላዋውን ከእጇ ወሰደ። እሱ ሲልጥ ልጣጩ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ስስ ነበር። ሐምራዊዎቹ ዓይኖች አንድ በአንድ እየተሰበሩ መሬት ላይ ወደቁ። እሷ የኑጉን ዘይት የመጨረሻ እንጥፍጣፊ ድስቱ ውስጥ አንጠፈጠፈች፤ ሽንኩርቱንም ከተፈች። እንባዋን ያየ ሽንኩርቱ ነው ይላል።

ድንቹ ድስት ውስጥ ገብቶ ውሃው ሲንተከተክ ወንድይፍራው ወደ እንግዶቹ ወጣ።

«አገሩ ያለ ሹም ከረመ፣ ጌታዬ» አለ እጁን እያሻሸ።

«ከረመ፣ ከረመ» አሉ ባላምባራስ ውጭ ውጭውን እያዩ።

«ሰው የጠፋ እንዳይመስልዎት። አገሩን የሚያውቅ፣ እንግዳ የሚያከብር ሰው አለ።»

«ሰውማ አይጠፋም» አሉና ወደ ተከታዮቻቸው ዞረው ፈገግ አሉ። ተከታዮቹም ፈገግ አሉ። ወንድይፍራው ይህችን ፈገግታ እንደ ቃል ኪዳን ተቀበላት። ጓዳ ተመልሶ ገብቶ የትርንጎን ትከሻ ያዝ አደረገና፣ «አለቀልን» አላት።

ወጡ መሽተት ሲጀምር ዝናቡ ቀለል እያለ መጣ። ከዚያም እንደ ተዘጋ በር ድርግም ብሎ ቆመ። ባላምባራስ አንገታቸውን ወደ ውጭ አወጡ።

«አባራ። በል በቅሎዋን!»

ወንድይፍራው ደነገጠ። በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመባቸው። «ጌታዬ! ማዕዱ ደርሷል እኮ! ጾም መፍቻውም ደርሷል፤ አንዴ ይቀመጡና ይቅመሱልኝ!»

«እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ስላስጠለልከን እናመሰግናለን። እርገጤ ዘንድ ይጠብቁናል። ጭቃ ሹምነቱን ዛሬ ልናሳውቅለት ነው የምንሄደው፤ ሰዉ ተሰብስቦ ውሏል።»

«እርገጤ?» አለ ወንድይፍራው።

«እርገጤ» አሉ ባላምባራስ፤ ስሙን እንዳልሰማ መስሏቸው ጮክ አሉለት።

«የሱፍ ፍትፍቱ ተሠርቷል ብለውናል፣ ጌታዬ፤ ጠላውም ይሞቃል» አለ አሽከሩ።

እየሳቁ ወጡ። በቅሎዋ ከነኮርቻዋ ስለነበረች ለመጫን ጊዜ አልወሰደም። ትርንጎ ጭልፋዋን ይዛ ከጓዳ ስትወጣ ያየችው የበቅሎዋን ጅራት ነው። ወንድይፍራው በሩ ላይ እንደቆመ ነበር፤ እጁንም እንደዘረጋው ነው።

ከውጭ የረካ መሬት ሽታ ገባ። መደቦቹ ጠጥተው፣ ጠቁረው፣ እንፋሎት እየለቀቁ ነበር። አያ ይማም ወጡና ከመደቡ አንድ እፍኝ አፈር አንስተው ጨበጡ። እጃቸውን ሲከፍቱ አፈሩ ሳይፈርስ ቀረ። ለመትከል ከዚያ የተሻለ ቀን ሊገኝ አይችልም ነበር። አፈሩን እንደ ነበረ መልሰው አስቀመጡት፤ መቆፈሪያቸውንም አነሱ።

«ይግቡ እንጂ፤ እንብላው» አላቸው ወንድይፍራው።

«አፌ አይቀበለውም» ብለው ሄዱ።

እሱም አልበላም። ትርንጎም ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ትታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። የበላችው ወለላ ናት። በልታ በልታ፣ ከንፈሯ በበርበሬው ቀልቶ፣ ሆዷን ይዛ ወደ እናቷ መጣችና፣

«እማዬ፣ ነገም እንግዳ ይመጣል?» አለቻት።

ትርንጎ አቅፋ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

በማግስቱ ማለዳ የአካባቢው ሰው ሁሉ ሊተክል በየጓሮው ወጥቶ ነበር። ትርንጎም ያወፈረቻቸውን ጥቂት ልጣጮች በአመድ አሽታ ቀበረቻቸው፤ ከመደቦቿ አንዷን እንኳ አልሞሉም። ከዚያ ነጠላዋን አገልድማ ዘር ልትለምን ወጣች። በረዶው ሁሉንም መትቶ ስለነበር ዘር የተረፈው ሰው አልነበረም። አንዷ ሦስት ሰጠቻት፣ አንዷ የበሰበሰ ሰጠቻት። ሌላዋ ደግሞ አጥሯ ላይ ተደግፋ፣

«ባላምባራስን ከነአሽከሮቻቸው አበላችሁ ሲባል ሰማን፤ ለሹም የተረፈው ቤት ከእኛ ከደሃዎቹ ይለምናል?» አለቻት።

ትርንጎ ‹አልበሉም› ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ግን የቱ እንደሚብስ ግራ ገባት፤ በሉ ማለቱ ወይስ አልበሉም ማለቱ። ነጠላዋን ሰብስባ ተመለሰች።

ወንድይፍራውም በበኩሉ ተስፋ አልቆረጠም ነበር። ‹ውለታ አለኝ› ብሎ ወደ ባላምባራስ ግቢ ወረደ። ከባለጉዳዩ ሁሉ ጋር ቆሞ ውሎ ተራው ሲደርስ፣ ባዶውን ጓሮ ተናግሮ፣ ለዘር የሚሆን እንዲሰጡት ለመነ።

«በዚያ ዝናብ ቤቴ ያስጠለልኩዎት ሰው ነኝ፣ ጌታዬ» አላቸው።

ባላምባራስ አሰቡ፤ አሰቡና፣ «የቱ ቤት?» አሉ። ከዚያ ትዝ ሲላቸው ፊታቸው ፈካ። «ኧኧ! ያ ጣራው የሚያፈሰው!»

ግቢው ሁሉ ሳቀ። ወንድይፍራው ከልማዱ የተነሳ አብሮ ሳቀ። ያንን ሳቁን ለትርንጎ የነገሯት ሌሎች ናቸው፤ እሱ ቤቱ ሲገባ ‹ሥራ በዝቶባቸዋል› ብቻ ነበር ያላት።

ክረምቱ ገባ። ከልጣጮቹ ጥቂቶቹ በቅለው ነበር፤ ግን ቀጫጭኖች ነበሩ፤ ሲቆፈሩ የተገኘው የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ፍሬ፣ እሱም አንድ ማሰሮ የማይሞላ ነው። ጎመኗ አምሮላት ነበር። ጎመን ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆንም፤ ያለ እህል ጠዋትም ማታም እየበሉት ፊታቸው ገረጣ። ትርንጎ በሰው ጓሮ ድንች እየኮተኮተች፣ አረም እየነቀለች፣ ለማታ የሚሆን ይዛ ትመለስ ነበር። የሰውን ድንች ስትኮተኩት አበባውን እንዳትነካ ተጠንቅቃ ነው፤ የራሷ እንደሆነ ሁሉ።

ትርንጎ የፈራችው ወለላ መሮጥ ስታቆም ነው። ልጅቷ ጥግ ይዛ መቀመጥ ጀመረች፤ ቢጠሯትም ቶሎ አትነሳም። ትርንጎ አንድ ቀን አዘለቻትና ገደሉን ተሻግራ ወንድሟ ዘንድ ወሰደቻት። ስትለያት ልጅቷ አላለቀሰችም። የአጎቷ ሚስት ቂጣ ሰጥታት ነበርና ዓይኗ እሱ ላይ ነበር።

ገብሱ ደርሶ ቤቱ እህል ሲያገኝ ትርንጎ ልጇን ልታመጣ ሄደች። ወለላ ጉንጯ ሞልቶ፣ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ ከአጎቷ ልጆች ጋር ስትጫወት አገኘቻት። እናቷን ስታይ መጥታ ሳመቻት። ‹እንሂድ› ስትላት ግን ወደ አጎቷ ሚስት ሮጣ ቀሚሷን ያዘች።

«እዚያ ቤት ይርበኛል» አለች።

ትርንጎ አላስገደደቻትም። ብቻዋን ገደሉን ተሻግራ ተመለሰች፤ ቤት እንደገባችም ወንድይፍራውን፣ «ሽማግሌ ሰብስብ» አለችው።

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ወይራ ሥር ተቀመጡ። አዲሱ ጭቃ ሹም እርገጤም ከመሐላቸው ነበር። አያ ይማም የዚያን ዕለቱ ነገር ምስክር ስለሆኑ ተጠርተው ከዳር ተቀምጠዋል። ወንድይፍራው ተነስቶ ተናገረ። ንግግር እንደሆነ አያቅተውም።

«አባቶቼ፣ ሚስቴን አልደበደብኩ፤ ሌላ ሴት አልያዝኩ፤ አልሰከርኩ። ጥፋትህ ምንድን ነው ብትሉኝ እንግዳ ማክበሬ ነው። እንግዳ የእግዜር አይደለም? በዝናብ የመጣን ሰው ባዶውን ይሸኛል? የሆነው ዕድሌ ነው። ዕድሉ የጎደለን ሰው ሚስቱ ትፍታው የሚል ሕግ ካለ ፍረዱብኝ።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዳ አክብሮ ጥፋተኛ የተባለ ሰው በእኛ አገር የለም» አለ አንደኛው። «ረሃቡስ የማን ቤት ያልገባ ነበር?» አለ ሌላው። ከዚያም ወደ ትርንጎ ዞሩ፤ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት።

«ምን እላለሁ» አለች። «ተናገርኩ እኮ፤ ዘር ነው አልኩት።»

ፍቺውም ተፈጸመ። ትርንጎ በዚያው ሳምንት መቆፈሪያዋን ብቻ ይዛ ወደ ልጇ ተሻገረች። ወለላ መልሳ ‹እማዬ› ለማለት ጊዜ እንደፈጀባት ይነገራል። ጓሮውንም ሰው አላየውም፤ በተከታዩ በልግ አረም ዋጠው፤ ጃርቱም አጥሩን እንደልቡ ቀደደው። ወንድይፍራው እስኪያረጅ ድረስ በየለቅሶው ተናጋሪ ነበር፤ አፉን ሲከፍት ግን ሰው ያቺን አባባል ያስታውስና እርስ በርሱ ይጠቃቀሳል።

አባባሏ የተነገረችው እዚያው ከወይራው ሥር፣ ሽማግሌዎቹ ወደ ባልየው እያዘነበሉ ሳለ ነው። እርገጤ ወደ አያ ይማም ዞሮ፣ «አያ ይማም፣ አንቱ በቦታው ነበሩ፤ ይህ ሰው እንግዳ አከበረ ወይስ አላከበረም?» ሲላቸው፣ ሽማግሌው ቀና ብለው ወንድይፍራውን ሳይሆን ትርንጎን እያዩ፣ «እኔ ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ ለማይቀመጥ እንግዳ ዘሩን ቀቀለ» አሉ።